ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ከጣና ሐይቅ ወዲያ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው የጓንግ ወንዝ፣ በመተማ አጠገብ አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። በዚህ ወንዝ አቅራቢያ የምትገኘው መተማ ከጥንት ጀምሮ የሁለት አገሮች መገናኛ ናት። ከጎንደር የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በአህያና በበቅሎ ጭነው ወደዚያ ይመጡ ነበር። ከገዳሪፍና ከዚያም ማዶ የሚመጡት ደግሞ ጨርቅና ልዩ ልዩ የባሕር ማዶ ዕቃ በግመል አምጥተው ይሸጡባት ነበር። በሰላም ዘመን የመተማ ገበያ ሁለቱንም ወገን ይጠቅም ነበር። ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን ገበያው ይፈታል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ እርሻውም ዳዋ ይለብሳል።

በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች፣ በአገራችን አጠራር ደርቡሾች፣ እስከ ጎንደር ዘልቀው ከተማይቱን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አወደሙ። በሚቀጥለው ዓመት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ድል ከተቃረበ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ሠራዊቱም መሪውን በማጣቱ ተበተነ። በዚያ ሜዳ ላይ ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከወደቁት የኢትዮጵያ ተዋጊዎች መካከል ሻለቃ ባይከዳኝ የተባሉ የትግራይ ሰው ይገኙ ነበር። እርሳቸው ሲሞቱ ዓድዋ አካባቢ የቀረው ልጃቸው ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ይህ አባቱን በመተማ ያጣ ሕፃን፣ አድገው ስለ አገር ሀብትና ስለ መንግሥት አስተዳደር በመመራመር ከዘመናቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በሐምሌ ወር 1878 ዓ.ም. ከዓድዋ ከተማ አጠገብ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ነው። የሕፃንነት ዘመናቸው በኢትዮጵያ ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ ከሚጠራው የመከራ ጊዜ ጋር ገጠመ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቆየው በዚህ ዘመን በምፅዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምችም የተረፈውን አዝመራ በላው። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ያላረሰም የሚያጭደው አልነበረውም። በጦር ሜዳ ከሞተው ይልቅ በረሃብና በበሽታ ያለቀው ሕዝብ በለጠ። ከሞት የተረፈውም ብዙ ሰው ምግብ ፍለጋ ቀዬውን እየለቀቀ ተሰደደ።

ገብረ ሕይወትም ሰባት ዓመት ያህል ሲሆናቸው፣ በምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ በተባለው ስፍራ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሄደው ገቡ። የፊደል ትምህርትም ጀመሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በምፅዋ ወደብ የቆመ መርከብ ለማየት እንደ ሄዱና መርከቡም እርሳቸውን እንደ ያዘ ባሕሩን ተሻግሮ እንደ ሄደ ይነገራል። የመርከቡ አዛዥ ልጁን ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጣቸው፤ ቤተሰቡም እንደ ራሱ ልጅ አድርጎ አሳደጋቸው። በዚህ አኳኋን ከረሃብና ከጦርነት አገር የወጡት ሕፃን ያላሰቡትን ዕድል አገኙ። የጀርመንን ቋንቋ ጠንቅቀው ተማሩ፤ በኋላም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ።

በአውሮፓ የቆዩበት ዘመን የጀርመን ኢንዱስትሪ እጅግ በፍጥነት ያደገበት ዘመን ነበር። አንዱ ፋብሪካ በአንድ ቀን የሚሠራውን ጨርቅ በመቶ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሠርተው አይጨርሱትም። ባቡሩ በጥቂት ሰዓት የሚደርስበት ርቀት በአገራቸው የበቅሎ ጉዞ የብዙ ቀን መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ምድር ለም፣ ወንዞቿም ብዙ፣ ሕዝቧም ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ደኸየች የሚለው ጥያቄ በወጣቱ አእምሮ ውስጥ ተተከለ። ሐኪም የበሽታውን ምልክት ብቻ ሳይሆን መነሻውን እንደሚመረምር ሁሉ፣ ገብረ ሕይወትም የድህነትን መነሻ መመርመር ጀመሩ። የቀረው ዕድሜያቸው በሙሉ ያለፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ በመሻት ነው።

ትምህርታቸውን ከተከታተሉ በኋላ በውጭ አገር ተደላድሎ መኖር ይቻላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በአዲስ አበባ ተቀመጡ። በሕፃንነታቸው ከአገራቸው ስለ ወጡና አፋቸውን የፈቱትም በትግርኛ ስለ ነበረ፣ በቤተ መንግሥት ለማገልገል አማርኛን ማጥናት ግድ ሆነባቸው። ጉዳዩን ሳይንቁ ተቀምጠው ተማሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድና ስለ ግብር ከዚያ በፊት በአማርኛ ያልተጻፈውን ረቂቅ ነገር፣ ማንም ባላገር ሰምቶ ሊረዳው በሚችል ግልጽ አማርኛ ለመጻፍ በቁ። በዚህ ረገድ የገብረ ሕይወት ሕይወት ቋንቋ በትውልድ ብቻ ሳይሆን በትጋትም እንደሚገኝ ያስረዳል።

በቤተ መንግሥት የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው ሠሩ። ዘመኑ ብዙ አዲስ ነገር የሚጀመርበት ነበር። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ ከዚያም ዘመናዊው የምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የባቡር ሐዲድ፣ ባንክ፣ ስልክና የፖስታ አገልግሎትም ቀደም ብለው ገብተው ነበር። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ተይዘው ከሥራ በመራቃቸው፣ ሥልጣን ለመያዝ የሚደረገው ሽኩቻ እያየለ መጣ። በቤተ መንግሥት አካባቢ የነበረ ማንኛውም ሰው፣ ይልቁንም የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቅና ከውጭ ሰዎች ጋር የሚነጋገር፣ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። ገብረ ሕይወትም በዚህ ሽኩቻ ምክንያት ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተቃቅረው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

አባታቸውን የገደለው የመሐዲስቶች መንግሥት ከፈረሰ በዚያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሱዳን ከ1899 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስም በእንግሊዝና በግብፅ፣ በሥራ ግን በእንግሊዞች ትተዳደር ነበር። ከናይል ሸለቆ እስከ ቀይ ባሕር የሚያደርስ የባቡር ሐዲድ በ1906 (እ.ኤ.አ.) ተከፍቷል፤ ፖርት ሱዳን የተባለው አዲስ ወደብም ተሠርቷል፤ በካርቱም የጎርዶን ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ግብርም በደንብ ተወስኖ ይሰበሰብ ነበር። ነገር ግን የአገሩ ባለቤት የሆነው ሕዝብ በገዛ አገሩ አዛዥ አልነበረም። ገብረ ሕይወት ከዚያ በኋላ የጻፉት ጽሑፍ ሁሉ አንድ ስጋት ተሸክሟል። ይኸውም ራሱን በጊዜ ያላደራጀን አገር ሌላው መጥቶ ያደራጀዋል፤ የዚህም ዋጋ ነጻነት ነው የሚል ነበር። ኢትዮጵያ በዓድዋ ያገኘችው ድል ብቻውን ለዘለዓለም ሊጠብቃት እንደማይችል ተረዱ።

ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ላይ በነበሩበት ጊዜ ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ተመለሱ። «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1912 (እ.ኤ.አ.) በአሥመራ ከስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት በወጣ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ያለፉትን ነገሥታት አስተዳደር ከመረመሩ በኋላ ለአዲሱ መሪ መደረግ የሚገባውን ማሻሻያ በዝርዝር አቀረቡ። የዚህን ምክር ክብደት ለመረዳት በጊዜው የነበረውን አስተዳደር ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዚያን ጊዜ ገበሬው የሚከፍለው ግብር በአንድ ሥርዓት የተወሰነ አልነበረም። ከእህሉ አሥራት ይሰጣል፤ ማር፣ ከብትና እንጨት ያቀርባል፤ በባለሥልጣኑ እርሻና ግንብ ላይ በነጻ ይሠራል፤ የሚያልፍና የሚያገድም ወታደርንም በቤቱ ያስተናግዳል። ሹሙ ደመወዝ ስለሌለው የሚኖረው ከሕዝቡ በሚሰበስበው ነበር። ስለዚህ ብዙ ያመረተ ገበሬ ብዙ ይወሰድበት ነበር እንጂ ብዙ አይተርፈውም ነበር። እንዲህ ባለ አገር ምርቱን ለመጨመር የሚተጋ ሰው ይጠፋል። ነጋዴውም ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲያልፍ በየኬላው ቀረጥ ይጠየቃል፤ ከገበያው ሲደርስ ትርፉ በመንገድ አልቋል።

ገብረ ሕይወት ያቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብ ይህን ሁሉ የሚነካ ነበር። ግብር በሕግ ይወሰን፣ በዓይነትና በጉልበት መሆኑም ቀርቶ በገንዘብ ይከፈል አሉ። የመንግሥት ሀብትና የንጉሡ የግል ሀብት ተለይቶ ይታወቅ፣ ሹማምንትም ደመወዝ ያግኙ አሉ። ሕግ ተጽፎ ለሁሉም እኩል እንዲሆን፣ ገንዘብ አንድ ወጥ እንዲሆን፣ የጉምሩክ ቀረጥ በአንድ ደንብ እንዲመራ፣ ሠራዊቱ በሥነ ሥርዓት እንዲሠለጥን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፉ፣ ሰውም በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይበደል መከሩ። እንደ ምሳሌ ያነሷት አገር ጃፓን ነበረች። ጃፓን በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ዕውቀትን ከአውሮፓ ወስዳ፣ ነጻነቷን ሳታስነካ ኃያል ለመሆን ችላ ነበር። ንጉሥ ለመሆን በዝግጅት ላይ ለነበረ መሪ የቤተ መንግሥቱን ሣጥን ከአገሩ ሣጥን ለይ ብሎ መምከር በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም። ምክር ሰጪው ከስደት የተመለሱ ሰው መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ ድፍረቱ የበለጠ ይጎላል።

ከዚህ በኋላ ገብረ ሕይወት በወረቀት የጻፉትን በሥራ የሚያዩበት ዕድል አገኙ። በመጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ነጋድራስ ማለት ቀድሞ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን በዚያን ጊዜ ደግሞ ጉምሩክንና የገበያን ዳኝነት የሚመራ ሹም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መላው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዋና በር ሆነች። ወደ ባሕሩ የሚሄደው ፉርጎ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭን ነበር፤ ከባሕሩ የሚመጣው ደግሞ አቡጀዲና ሌላ የፋብሪካ ዕቃ ያራግፍ ነበር። ነጋድራሱ በየቀኑ የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ ይመለከቱ፣ ያስመዘግቡም ነበር። ከወንበር ሆኖ ስለ ንግድ ከሚጽፍ ሰው ይልቅ የጉምሩክ በር ላይ የቆመ ሰው ብዙ ያያል።

በዚያ በር ላይ ያዩት አንድ ነገር የመንግሥት እጅ የታሰረ መሆኑን ነው። ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባደረገችው ውል መሠረት በፈረንሳይ ዕቃ ላይ ከመቶ 10 የሚበልጥ ቀረጥ ማስከፈል አትችልም ነበር። ሌሎችም መንግሥታት ይህንኑ መብት አገኙ። አንድ አገር የራሱን ሸማኔና አንጥረኛ ከባሕር ማዶ ዕቃ ለመጠበቅ ቢፈልግ ዋናው መሣሪያው ቀረጥ ነው። ይህ መሣሪያ በውል ከታሰረ ግን ነጋድራሱ ዕቃውን ከመቁጠርና ጥቂቱን ቀረጥ ከመቀበል ሌላ የሚያደርገው ብዙ የለም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የምርምራቸውን ፍሬ ያሰፈሩበት ታላቁ ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ስለ ኢኮኖሚ በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ ፈር ቀዳጅ ነው። መነሻውም የሀብት ምንጭ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ሀብት ማለት ወርቅና ብር፣ ወይም ሰፊ መሬት ይመስለው ነበር። ነጋድራስ ግን የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን አስረዱ። ሰው ካልደከመበት መሬት እሾህና አሜከላ ያበቅላል፤ ሰው ካላወጣውም ወርቅ ከድንጋይ አይለይም። የሥራን ፍሬ የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ቀን ቢደክሙ፣ የተፈጥሮን ጠባይ የሚያውቀውና የተሻለ መሣሪያ ያለው ከሌላው ብዙ እጥፍ ያመርታል። እንግዲህ በሕዝቦች መካከል ያለው የሀብት ልዩነት የዘር ወይም የዕድል ሳይሆን የዕውቀትና የአስተዳደር ልዩነት ነው።

ከዚህ ተነሥተው ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ ንግድ አብራሩ። ሰው ሁሉን ነገር ለራሱ ብቻ ይሠራ በነበረበት ዘመን ምርቱ ጥቂት ነበር። ገበሬው በእርሻ፣ ሸማኔው በሽመና፣ ቀጥቃጩም በብረት ሥራ ሲለያዩ ግን ሁሉም በየሙያው እየሠለጠነ ሄደ፤ ምርቱንም መለዋወጥ ግድ ሆነበት። በዚህ ልውውጥ የአንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር የሚመዘነው በወጣበት ድካም ነው።

በዚህ ስፍራ ነጋድራስ ወደ ዋናው ግኝታቸው ደረሱ። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ልውውጡ ትክክል አይሆንም። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆና ፈልፍሎ፣ በበቅሎ ጭኖ ለገበያ እስኪያደርስ ድረስ ብዙ ሳምንት ይደክማል። በዋጋውም ጥቂት ክንድ አቡጀዲ ይገዛል። ያንን ጨርቅ ግን የአውሮፓ ፋብሪካ ሠራተኛ በመኪና ኃይል ያወጣው በጥቂት ሰዓት ነው። ስለዚህ ገበሬው የብዙ ሳምንት ድካሙን በጥቂት ሰዓት ድካም ለውጦ ይመለሳል። በገበያው ላይ ማንም አልዘረፈውም፤ ሚዛኑም አልተሰረቀም። ሆኖም ንግዱ በበዛ ቁጥር አንዱ ይበለጽጋል፤ ሌላው ባለበት ይቀራል። የአገሩም ሸማኔ በርካሹ ጨርቅ ተሸንፎ ሙያውን ይተዋል። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር፣ ባቡርና ባንክ ቢገባለትም እንኳ፣ ዕውቀት እስካልገባለት ድረስ ከዚህ ዕዳ አይወጣም።

ነጋድራስ ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ሰዎች ላይ አልጣሉም። የአገር ውስጡን ደዌ በብርቱ ቃል ገለጹ። ሀብት የሚያድገው ሰው ካመረተው ላይ ቀንሶ ለመሣሪያና ለሚቀጥለው ሥራ ሲያስቀምጥ ነው። በኢትዮጵያ ግን ከገበሬው የሚተርፈውን ጥቂት ጥሪት ጦርነት ይበላው ነበር። ወታደሩ የሚያርስ አልነበረም፤ የሚኖረው ባረሰው ላይ ነበር። በየጊዜው በሚነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ጎተራ ይገለበጣል፤ ከብት ይነዳል፤ መንደር ይቃጠላል። እንዲህ ያለ አገር በየትውልዱ ከዜሮ ይጀምራል። ይህን የጻፉት ሰው አባታቸውን በጦርነት፣ የሕፃንነት ቤታቸውን በክፉ ቀን ያጡ ነበሩ። ነገር ግን በመጽሐፋቸው የራሳቸውን መከራ አልተረኩም። የአገሩን መከራ መነሻ ፈለጉ እንጂ።

መድኃኒቱንም ከመንግሥት ዘንድ ፈለጉ። መንግሥት ለሕዝቡ ሰላምና ፍትሕ ከሰጠ፣ ግብሩን ካወቀና ከወሰነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትምህርትን ካስፋፋ ሕዝቡ ራሱን ከድህነት ያወጣል ብለው አመኑ። ሕዝብን የሚጎዳ መንግሥት ራሱን ይጎዳል፤ የደኸየ ሕዝብ የሚገብረው የለውምና።

ይህ ሁሉ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። እንደ ዘመናቸው ብዙ ምሁራን ነጋድራስም የአውሮፓን ሥልጣኔ ብቸኛ መለኪያ የማድረግ ዝንባሌ ነበራቸው። ለውጥም ከላይ፣ ከብልህ መሪ ይመጣል ብለው አጥብቀው ተስፋ አደረጉ። ይሁንና ጥያቄውን ያቀረቡበት መንገድ፣ ማለትም የሚታየውን ነገር አይቶ፣ አገርን ከአገር አመሳክሮ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ለይቶ መመርመር፣ በኢትዮጵያ የኢኮኖሚና የአስተዳደር ጥናት ጅማሬ ሆነ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በሰኔ ወር 1911 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው 33 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መጽሐፋቸው ታትሞ ለማየት አልበቁም። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በአዲስ አበባ የታተመው ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ከመከሩት ማሻሻያ አንዳንዱ በኋለኞቹ ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ተፈጸመ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙው ምክር ሳይፈጸም ዘመኑ አለፈ፤ የፈሩትም ደረሰና ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ወረረች።

ከጊዜ በኋላ የነጋድራስ ስም ከአገር ውጭም ታወቀ። በ1950 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ራውል ፕሬቢሽ የተባሉት የአርጀንቲና የኢኮኖሚ ሊቅና ሌሎች ምሁራን፣ ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች ከኢንዱስትሪ አገሮች ጋር በሚያደርጉት ንግድ እየተጎዱ መሄዳቸውን አስረድተው በዓለም ታወቁ። ገብረ ሕይወት ተቀራራቢ ሐሳብ የጻፉት ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብለው ነበር። መጽሐፋቸው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደን ታተመ። ስለ ልማትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የሚያጠኑ ኢትዮጵያውያን ምሁራንም ሥራቸውን ከእርሳቸው መጽሐፍ ጋር እያመሳከሩ ይጠቅሱታል።

የነጋድራስ ጥያቄ ዛሬም ምን ያህል ሕያው እንደሆነ ለማየት አባታቸው ወደ ወደቁበት ወሰን መመለስ ይበቃል። ከመተማ ማዶ በገዳሪፍ ሜዳ ላይ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ተስፋፋ። ለብዙ ዓመታት በአረምና በአጨዳ ወራት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ወሰኑን እየተሻገሩ ይሠሩበት ነበር። ጓንግም አትባራ ሆኖ ወደ ሰሜን ሲወርድ ከተከዜ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በ1964 (እ.ኤ.አ.) ከተሠራው ከኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ይደርሳል። በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ምክንያት ከተማቸው ዋዲ ሀልፋ በውሃ የተዋጠባቸው 50 ሺህ ያህል የኑቢያ ሰዎች በዚህ ግድብ አጠገብ ሰፈሩ፤ ሰፈራቸውም ኒው ሀልፋ ተባለ። ከኢትዮጵያ ደጋ በወረደው ውሃ ጥጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴና ሸንኮራ አገዳ ተዘራ፤ የስኳር ፋብሪካም ተተከለ። ከውሃው ጋር ግን ከደጋው የታጠበው አፈር አብሮ ወረደና ግድቡን እየሞላ ብዙውን ውሃ የመያዝ አቅሙን አሳጣው።

በወሰኑ በዚህ ወገንም በመተማና በሑመራ ሰሊጥ በስፋት ይመረታል። አብዛኛው ሰሊጥ ሳይጨመቅ፣ እንደ ጥሬ ዕቃ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል፤ ኢትዮጵያም ለምግብ የሚሆነውን ዘይት በብዙ ወጪ ከውጭ ትገዛለች። በሱዳንም የጥጡ አብዛኛው ክፍል ሳይፈተል ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። ስለዚህ ወሰኑ ሁለቱን አገሮች ቢለያቸውም ጥያቄው አንድ ያደርጋቸዋል። የሠራው ማን ነው? የተጠቀመውስ ማን ነው? አፈሩን በደጋው የሚያቆይ፣ ፍሬውንም በአገር ውስጥ የሚሠራ ዕውቀት እንዴት ይገኛል? ጦርነትስ ሰብሉን ከመበላት የሚያርፈው መቼ ነው? እነዚህ ሁሉ ነጋድራስ በድሬዳዋ የጉምሩክ በር ላይ ቆመው ይመረምሯቸው የነበሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ሻለቃ ባይከዳኝ በመተማ ሜዳ የሞቱት የአገራቸውን ወሰን ለመጠበቅ ነው። ልጃቸው ደግሞ በዚያ ወሰን ውስጥ የሚኖር ሕዝብ እንዴት ከድህነት እንደሚወጣ ሲመረምሩ አጭር ዕድሜያቸውን ጨረሱ። አባትየው ለአገራቸው ሕይወታቸውን ሰጡ፤ ልጅየውም መጽሐፍ ትተው አለፉ። ያ መጽሐፍ ከታተመ መቶ ዓመት ቢያልፈውም፣ በወሰኑ ላይ ሰሊጥ የሚያጭደው ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ እስኪያገኝ ድረስ ሥራውን ፈጽሟል ማለት አይቻልም።